ብርቱካን እየላጠች መኪና ስላጋጨችው ሾፌር

ለክቡር የረጅም ሰዓት የመኪና እሽቅድምድም የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ
በያሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ዓይንዎን እንዴት ያደርግዎታል? ስለ ዓይንዎ አጥብቄ የጠየቅሁት በክፋት እንዳይመስልዎ። ከዳኞች ሰገነት ላይ ሆነው አቧራውን፣ ጭሱንና ጥቁሩን ሄልሜት አልፈው መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ በአንድ አፍታ የለዩ ዓይኖች እንደዋዛ እንዳይጎዱብን ስለምሰጋ ብቻ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። በሙያዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ ቤቱ የፈረሰበትም ከወንድሙ የተካሰሰውም ፊቴ እየተቀመጠ የሆዱን ሲነግረኝ፣ እኔ ስድቡን እያወጣሁ ትሕትና እያስገባሁ እጽፍለታለሁ። «ክቡርነትዎ» የሚለውን ቃል የጻፍሁትን ያህል የገዛ እናቴን ስም አልጠራሁም። ይህን ደብዳቤ ግን ማንም አላዘዘኝም። ስለዚህ ትሕትናው ቢበዛብዎ የሙያ ልማድ ነው ብለው ይለፉኝ፤ ንዴቱ ቢበዛብዎ ግን እሱ የራሴ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ውድድር አንድ መኪና ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፤ ሾፌሮቹ ግን ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይተካል፣ በመኪናው በር ላይ ያለው ስምም አብሮ ይቀየራል። በዚያ ላይ ፈጣኖቹና ከባዶቹ መኪኖች በአንድ መንገድ ላይ ይለቀቃሉ። ፈጣኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ከባዶቹን እየቀደሙ ይውላሉ፣ አብዛኛው ግጭትም የሚመጣው ከዚህ ነው። እኛ ደጋፊዎች ደግሞ «የክርን ኩርባ» ከሚባለው መታጠፊያ ፊት ለፊት ካለው ሣር ያለበት ጉብታ ላይ ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን። አራት ነን። ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ለመቀመጫ ያመጣል። ሲስተር የምንላቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ የፈጣኖቹ ደጋፊ ናቸው፤ መንገድ ላይ ዝሆን እየለቀቃችሁ ፈረስ ለምን ተደናቀፈ ትላላችሁ ይሉናል። ጥርስ ሐኪሙ በበኩሉ ፈጣኖቹ ትዕግሥት የሌላቸው ቅምጥሎች ናቸው ብሎ ይምላል። እኔ ከሁለቱም ጋር እጣላለሁ። አንዲት ግጭት ሳምንት ሙሉ ታጨቃጭቀናለች፣ ተኳርፈን እንለያያለን፣ በሚቀጥለው ውድድር ደግሞ ያው ጎማ ላይ ተመልሰን ጉብ እንላለን።

ጠብታ የጎሚስታው የእህት ልጅ ናት። ያደገችው ጎማ መሐል ነው። ሌሎቹ ነዳጅ ለመቅዳት ሲሯሯጡ እሷ በቀረቻት ጠብታ ነዳጅ ገና ትዞራለች ብለን ይህን ቅጽል ስም ያወጣንላት እኛ ነን። ከከባዶቹ ምድብ አንዱን መኪና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በተራ ትነዳለች። አንደኛው ዝምተኛ ጎረምሳ ነው። ሌላው ባለመኪናው ናቸው፤ ሴራሚክ አስመጪ፣ ለጋስ፣ በየሄዱበት ወንበር የሚለቀቅላቸው ሰው። ገንዘቡ የእሳቸው ስለሆነ የመንዳት ችሎታቸውን ደፍሮ የነገራቸው የለም፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ አልደፍርም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለመኪናው እንግዶች መጡባቸው። እሳቸውም በእንግዶቹ ፊት መንዳት ስላማራቸው፣ ጠብታ ነዳጅ ልትቀዳ ስትገባ ተራዋን ሳትጨርስ ውረጂ ተባለች፤ ወረደች። ሰውየው ያንኑ ዓይነት ጥቁር ቱታና ጥቁር ሄልሜት አጥልቀው ገቡ። ጠዋት ለኮሚቴዎ በቀረበው ተራ መሠረት ያ ሰዓት የጠብታ ነበር፤ ለውጥ ሲኖር የሚያሳውቀውም፣ በሩ ላይ ያለውን ስም የሚያስቀይረውም ባለመኪናው ነው። ግን እንግዳ ያለበት ሰው ስንቱን ያስታውሳል?

ጠብታ ጸጉሯ በላብ እንደተጣበቀ ወደ እኛ ጉብታ ወጣች። አጎቷ ጎማ አስጠጋላት፣ ሲስተር ብርቱካን ሰጧት። ብርቱካኑን እየላጠች ሳለ የገዛ መኪናዋ ከፊታችን መጣ። አንድ ፈጣን መኪና በክርን ኩርባ ላይ በውስጥ በኩል ከጎኑ ገባ፤ ከባዱ መኪና በዓለም ላይ ብቻውን ያለ ይመስል ታጠፈበት፤ ፈጣኑ ተሽከርክሮ ሄዶ ግንቡን መታ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ልማድ ነውና ወዲያው ክርክር ጀመርን። ጥርስ ሐኪሙ ፈጣኑ ፍሬን የያዘው ዘግይቶ ነው አለ። ሲስተር በፈጣኑ መኪና ሾፌር፣ በልጁ ላይ መንገድ ዘጉበት እያሉ ተነሱ። በመጨረሻ ሁላችንም ወደ ጠብታ ዞርን። እሷም ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ፣ ጥፋቱ የኛ መኪና ነው፣ መስታወት አላዩም አለች። አጎቷ ሰው እየሰማሽ እንዲህ ይባላል ወይ ብሎ ክንዷን ያዛት። ብርቱካኑን ጥላ፣ ክንዷን አስለቅቃ ቁልቁል ሮጠች።

ጋራዡ ስትደርስ መኪናው መከላከያው ተቦጭቆ እየተንገዳገደ ገብቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ባለመኪናውም ሄልሜታቸውን አውልቀው ከእንግዶቻቸው ጋር ቆመዋል። የእሷ ስም ግን የኮሚቴዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ በግዴለሽነት መንገድ ዘግታ የሌላ ተወዳዳሪ ሕይወት አደጋ ላይ ስለጣለች እስከ ውድድሩ ዘመን መጨረሻ ታግዳለች ይላል። ክቡር ሆይ፣ የኔ ደንበኞች አንድ ቀጠሮ ለማግኘት ጫማ ይጨርሳሉ። እርስዎ አምቡላንሱ ከግቢው ሳይወጣ ከሰው፣ መርምረው፣ ፈርደው፣ ማኅተም መትተው ጨረሱ። ተከሳሹን አለመጠየቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ ያሳዩን እርስዎ ነዎትና እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ደንብዎ ጥበብ። ጠብታ በማግስቱ ከአጎቷ ጋር ጽሕፈት ቤትዎ መጣች፤ እኔም ሙያዬ ነውና ተከተልኋቸው። ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ አዳምጣን ስታበቃ ደንቡን አውጥታ አነበበችልን። ለካ ይግባኝ ማቅረብ የሚችለው ባለመኪናው ብቻ ነው! ይህም ማለት ጥፋት የሠራው ሰው ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ በገዛ እጁ ካልፈረመ በስተቀር፣ ጥፋት ያልሠራችው አልሠራሁም ማለት አትችልም። በሥራዬ ብዙ የተቆላለፈ ነገር ገጥሞኛል፤ ቁልፉን ለሌባው አስረክቦ ባለቤቱን ውጭ የሚያሳድር ደንብ ግን ያየሁት ከእርስዎ ዘንድ ነው።

እኛም ወደ ባለመኪናው ሄድን። በክብር ተቀበሉን። ቡድን ማለት ቤተሰብ ነው፣ በቤተሰብ መሐል ደግሞ አንተ ነህ አንቺ ነሽ መባባል ነውር ነው አሉን። ታግሣ ዝም ካለች ለሚመጣው ዓመት ወንበሯ እንደሚጠበቅላት ጨመሩ። ጎሚስታው እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወጣ፤ ኪሱ ውስጥ ባይከተው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ማመልከቻ ነበር። መካኒኮቻቸውንም አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። ደመወዝ የሚከፍላቸው ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ሁሉም ያን ሰዓት ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዩ ነበር። እግረ መንገዴን የኮሚቴዎ አዳራሽ አዲስ ሴራሚክ እጅግ እንደሚያምር ልንገርዎ። ከማን እንደተገዛ አልጠየቅንም፤ ሰው ቤት ገብቶ ስለ ወለል መጠየቅ ደግም አይደል።

ሦስተኛ፣ ስለ ምስክር አመራረጥዎ። እኛ አራታችን ልጅቷ ከአጠገባችን ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥ እንደነበር ለመመስከር ተሰልፈን መጣን። ምክትልዎ ጎሚስታው ዘመድ ነው ብለው አስወጡት፤ እሺ፣ ዘመድ ነው። እኔንና ጥርስ ሐኪሙን ደጋፊዎች ስለሆናችሁ ታደላላችሁ አሉን፤ እሺ፣ እናደላለን። ከዚያ ሲስተርን አስቀደምን፤ እሳቸው ከግንቡ ጋር የተላተመው ልጅ ደጋፊ ናቸው፣ የልጁን ፎቶ በቦርሳቸው ይዘው የሚዞሩ፣ ጠብታ ብትሸነፍ የሚደሰቱ ሰው ናቸው። ምክትልዎ እርስዎ ደግሞ በጉዳቱ ስለተቆጡ ስሜታዊ ነዎት አሏቸው። እንግዲህ የወደደ አይመሰክርም፣ የተቆጣ አይመሰክርም፤ ነገሩ ጉዳዩ ያልሆነ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ውድድር ለማየት አይመጣም። ሲስተር በሕይወታቸው ሙሉ ማን መቼ እንደተወለደ ሲመሰክሩ ኖረው፣ አንዲት ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ እንደነበር መመስከር ተከለከሉ።

አራተኛ፣ ስለ ሬዲዮው። ቃል አቀባይዎ በስፖርት ፕሮግራም ላይ ቀርበው፣ ፉክክሩ እየከረረ ሲሄድ አቅም የሌላቸው ሾፌሮች ራሳቸውን እያጋለጡ መጥተዋል ብለው አስተማሩን። ከዚያ በኋላ ስልኩ ለአድማጭ ተከፈተ። አንዱ ወደ ጎማዋ ትመለስ አለ። ሌላው እሷን የሚያስነዳ ሰው ነው መታሰር ያለበት አለ። የሰማነው ጎሚስታው ሱቅ ውስጥ ሆነን ነው፤ አጎቷ ሊዘጋው ሲል ጠብታ ከለከለችው፣ እንዲያውም ድምፁን ጨመረችው፤ ወሬው የት ድረስ እንደሚሄድ ልወቅ አለች። እኔ ራሴ በየጉብታው ስንቱን ሾፌር ሳልጠይቅ እንደሰደብሁ እያሰብሁ አንገቴን ደፋሁ። ይሁንና እኛ ስንሳሳት የሚቀየመን አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ነው። የእርስዎ ስሕተት ግን ማኅተም አለው።

የሚቀጥለውን አምስተኛ ብዬ ቁጥር ሰጥቼው ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት የተጎዳው ልጅ እናት ሱቁ መጡ። የሆስፒታል ጠያቂ ካርድ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጡ ሴት ናቸው። ጠብታ ላስቲክ ውሃ ውስጥ ነክራ ቀዳዳ እየፈለገች ነበር። እናትየው ልሰድብሽ አልመጣሁም አሏት። ልጃቸው ዳሌው ተሰብሯል፣ ብረት ገብቶለታል፤ ይራመዳል ወይ ብለው ሲጠይቁ ሐኪሞቹ እንጠብቅ ይላሉ። ልጁ ከነቃ ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ናት ብዬ ነው የገባሁት፣ ሌላ ሰው ቢሆን እጠብቅ ነበር፣ እሷ ሁልጊዜ ቦታ ትለቅልኛለች። እናትየው ይህን ነግረዋት ሲያበቁ፣ ልጄ ምን አድርጎሽ ነው ብለው ጠየቋት።

ጠብታ ተነሥታ ቆመች፤ ከእጇ ውሃ ይንጠባጠባል። እማማ፣ እኔ አልነበርሁም መኪናው ውስጥ አለቻቸው። እናትየውም፣ ልጄ፣ ቢያንስ አትዋሺኝ ብለው ወጡ።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ስትሸነፍ አላለቀሰችም፣ ስትታገድ አላለቀሰችም፣ በሬዲዮ ስሟ ሲቦጫጨቅ ጥርሷን ነክሳ ላስቲክ ስትለጥፍ ነበር። ያን ቀን ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ አጎቷም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ በዚያች ሰዓት ጠላሁዎት። ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ንዴት ሳስተካክል ኖሬ የራሴን ማስተካከል አቃተኝ፤ ስለዚህ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ሲስተር በማግስቱ ሆስፒታል ሄዱ። የልጁ ደጋፊ ናቸውና ያምኑኛል ብለው ነበር። እናትየው ከበሩ ላይ ሆነው የውሳኔዎን ቅጂ ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩአቸው፣ ስም አለበት፣ ማኅተም አለበት፣ እርስዎ ደግሞ ምን ይዘዋል አሉ። ሲስተር የያዙት ለልጁ የገዙትን ሙዝ ብቻ ነበር።

በየጉብታው ብዙ እንከራከራለን፤ ፈጣንና ከባድ መኪና አንድ ላይ መልቀቅ እብደት ነው የሚሉ አሉ። እኔ እብደት አይደለም ባይ ነኝ፤ ግን የሚሠራው ከኋላ የሚመጣው ሰው ከፊቱ ያለው ማን እንደሆነ ሲያውቅ ብቻ ነው። ማን ይጠብቃል፣ ማን ያሳልፋል፣ ማን መስታወት ያያል፣ ሾፌሮቹ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ያ ልጅ በክርን ኩርባ ላይ በውስጥ የገባው በጠብታ ስም ተማምኖ ነው። ስሟ መኪናው በር ላይ ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም። እርስዎም በተራዎ ያንኑ ስም አንሥተው የሌላ ሰው እጅ የሠራውን ለጠፉበት። አሁን አልጋ ላይ ተኝቶ የሚያስበው፣ ከሁሉ አስበልጦ ያመናት ሰው እያየች ሰበረችኝ ብሎ ነው።

በሚመጣው ሳምንት ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይገባል። ጠብታ የመወዳደሪያ ፈቃዴ ይመለስልኝ አላለችም፤ እኔም በእሷ ስም አልጠይቅም፤ ፈቃዱን ከፈለጉ በመስታወት ፍሬም አስገብተው አዲሱ ወለልዎ አጠገብ ይስቀሉት። የምትለምነው አንድ ነገር ነው። ልጁ ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት መሪውን የያዘው ማን እንደነበር ይነገረው። እኛ ብንነግረው አያምነንም፤ እሷ ብትነግረው ውሸታም ትባላለች፤ ባለመኪናው ቤተሰብ ነን ይላሉ። ያቺን ማኅተም ይዘው፣ ራስዎ በእግርዎ ሄደው፣ ከአልጋው አጠገብ ቆመው ሊነግሩት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ሆስፒታሉ ከጽሕፈት ቤትዎ ሩቅ አይደለም፤ ሊፍቱም ይሠራል።

ለተሰጠን ፈጣን ፍርድ፣ ለተነፈግነው ጆሮ፣ ለሚያምረው ወለልዎና ለማይጠየቀው ክብርዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አድናቆት እየገለጽሁ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ እንዲሁም በሆነ ቀን ሳይጠይቅዎት የሚፈርድብዎ ሰው እንዲያጋጥምዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከማክበር ጋር፣ ማክበሩም እስካለ ድረስ፣

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ፣
ስለ ራሴ፣ ስለ ጎሚስታው፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ፣ እንዲሁም ፈርሙ ሲባሉ ብዕሩን ከእጄ ነጥቀው ስለፈረሙት ስለ ሲስተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከኮሚቴዎ ለጠብታ የጥሪ ደብዳቤ ደረሳት። እገዳዋ እንዲቀልላት የምትሻ ከሆነ የጥንቃቄ ሥልጠና እንድትወስድ፣ በሥልጠናውም ላይ የክርን ኩርባው ግጭት በፊልም እየታየ እንደሚተነተን፣ አሠልጣኙም በብዙ ልምዳቸው የተመረጡት ባለመኪናው እንደሆኑ ይገልጻል። አጎቷ አትሂጂ ብሎ ለምኗት ነበር፤ እሷ ግን ትመጣለች፣ የምትቀመጠውም ከፊት ነው። እርስዎም ለመክፈቻ ንግግር እንደሚገኙ ስለሰማን፣ ፊልሙ መሪው የተጠመዘዘበት ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ እንዲያስቆሙትና፣ በዚያች ቅጽበት በመስታወቱ ውስጥ ምን ይታይ እንደነበር አሠልጣኙን እንዲጠይቁልን በትሕትና እንለምናለን። በክፍሉ ውስጥ ከሚቀመጡት ሁሉ ይህን ሊመልሱ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።